ለዝግታ የተሠራ መንገድ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ በቨርጂኒያ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርድ ሞተረኛ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ የሸናንዶዋን ሸለቆ ይዞ የሚወርደው ኢንተርስቴት 81 ነው፤ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች ቀን ከሌሊት ይመላለሱበታል። ሌላው ከሸለቆው በስተ ምሥራቅ፣ በተራራው ጀርባ ላይ ይሄዳል። በፍሮንት ሮያል ከተማ ስካይላይን ድራይቭ ተብሎ ይጀምርና ከሮክፊሽ ጋፕ በኋላ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይሆናል። የመጀመሪያው 105 ማይል፣ ሁለተኛው 469 ማይል ነው፤ በድምሩ 924 ኪሎ ሜትር ገደማ። በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሐበሻ ፍሮንት ሮያል ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ለቁርስ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ብዙ ሰው ልዩነቱን በመልክዓ ምድር ብቻ ይለካዋል። ሞተር የሚነዳ ሰው ግን በጎማው ላይ ያየዋል። ፈጣን መንገድ ላይ የከረመ ጎማ መሐሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጎንና ጎኑ ግን እንደ አዲስ ይቀራል። ተራራው ላይ ጎማው በሙሉ ይሠራል፤ ነጂውም እንደዚያው።

ፓርክዌዩ ከጅምሩ ለችኩል አልተሠራም። ሥራው የተጀመረው በ1935፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት በተመታችበትና ሥራ አጥ በበዛበት ዘመን ነው። ስታንሊ አበት የተባለው የመልክዓ ምድር ነዳፊ ከባልደረቦቹ ጋር መንገዱን ከተራራው ቅርጽ ጋር እያስማማ ቀየሰው። የማስታወቂያ ሰሌዳ የለበትም፣ የንግድ ጭነት መኪና አይገባበትም፣ ትልቁ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 45 ማይል ነው። የመጨረሻው ክፍል የተጠናቀቀው ከ52 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው። ያዘገየው በሰሜን ካሮላይና ያለው ግራንድፋዘር የተባለው ተራራ ነበር። ድንጋዩን እንዳይቧጥጡት መሐንዲሶቹ ሊን ኮቭ የተባለውን ድልድይ 153 የኮንክሪት ቁራጮችን ከላይ እያወረዱ በመገጣጠም ሠሩት። በኩርባው ታጥፎ ተራራውን ሳይነካ ያልፋል። ይህን ድልድይ ሮጦ ማለፍ የሠሪዎቹን ልፋት አለማየት ነው።

ሞተረኛውን የሚፈትነው ከፍታው አይደለም፣ እየጠበበ የሚሄድ ኩርባ ነው። መግቢያው ሰፋ ብሎ ይታይና መሐል ሲደርሱ ድንገት ይጠብባል። በኢንተርስቴት ልማድ ፈጥኖ የገባ ሰው እዚያ ሲደርስ ምርጫው ትንሽ ነው፤ ደንግጦ የፊት ፍሬን ቢጨብጥ ያዘነበለው ሞተር ቀና ይልና ወደ ውጭ ይወስደዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከኩርባው በፊት ያልቃል፦ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ማርሽ ያወርዳል፣ ፍሬን ይለቃል። ከዚያ ጋዙን በስሱ እየሰጠ ይዞራል። ወደ ግራ ለመዞር የግራውን መሪ በቀስታ ወደ ፊት ይገፋል፤ ለጀማሪ የተገላቢጦሽ ቢመስለውም ሞተሩ የሚያዘነብለው እንዲያ ነው። መውጫው የማይታይ ኩርባ ላይ ደግሞ አይቸኩልም፣ ማዶው እስኪገለጥለት ድረስ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ አይጠጋም።

ከሁሉም በላይ ዓይን ነው። ዓይን ያረፈበት ቦታ ሞተሩም ይሄዳል፤ ገደሉን የሚያይ ወደ ገደሉ ይሳባል። መንገዱን የሠሩት ሰዎች ይህን ያወቁ ይመስል በየጥቂት ማይሉ መቆሚያ አበጅተዋል፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ብቻ 75 ያህል አሉ። ሸለቆው ቆመው ይታያል፣ ሲነዱ የሚታየው አስፋልቱ ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ይህ ሕግ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ያን ያህል የሚያምረው ቅጠል ረጥቦ መንገድ ላይ ሲነጠፍ ጎማ ያንሸራትታል።

ጉዞውን በማይል የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። ፓርክዌዩን ሳይቆሙ፣ ሁልጊዜም በ45 ማይል ቢነዱት ከአሥር ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ እንዲያ የሚነዳው ግን የለም። በሁለት ቀን መክፈልም ጥድፊያ ነው። ነዳጅም መታሰብ አለበት። ፓርክዌዩ ላይ ማደያ ስለሌለ በየመገንጠያው ወደ ከተማ ወርዶ መቅዳት ግድ ነው፤ ታንኩ ትንሽ የሆነ ሞተር ያለው ሰው ግማሹ ሳያልቅ ቢወርድ ይሻለዋል።

ከፍተኛው ቦታ፣ 431ኛው ማይል አጠገብ ያለው ሪችላንድ ባልሳም፣ 1,845 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ምንም አይደለም፣ ከተማችን ከዚያ በላይ ናትና። ሆኖም ጉሙ ሲወርድ የፊት መኪና መብራት እንኳ አይለይም፣ ከሸለቆው በቲሸርት የወጣም ይንቀጠቀጣል። ፓርክዌዩ ላይ 26 ዋሻዎች አሉ፣ 25ቱ በሰሜን ካሮላይና። ጥቁር መነጽር ያደረገ ነጂ ከመግባቱ በፊት ማውለቅ አለበት።

በመስከረም 2024 ሄለን የተባለችው አውሎ ነፋስ በሰሜን ካሮላይና በኩል መንገዱን ክፉኛ ጎድታዋለች። ስለዚህ ከመነሳት በፊት መንገዱን የሚያስተዳድረውን የፓርክ አገልግሎት የመንገድ መረጃ ማየት ያስፈልጋል፣ በክረምትም በረዶ ሲጥል ረጃጅም ክፍሎች ይዘጋሉ።

ኢንተርስቴቱም ቢሆን የሚያስፈልግበት ሰዓት አለው። ሲመሽ አጋዘን ወደ አስፋልቱ ይወጣል፣ በኩርባ ላይ ከአጋዘን ማምለጥ ደግሞ የጥሩ ነጂም አቅም አይደለም። ከስካይላይን ድራይቭ የሚመለስ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ወርዶ፣ በኢንተርስቴት 64 ወደ ስታውንተን ሄዶ 81ን ይያዝና ከከባድ መኪኖቹ ጋር ወደ ቤቱ ይመለስ።