ጂሲ ነው ኢሲ?

ሁርሶ ላይ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። መልሱ እንደ ተጠያቂው ነው። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ወጣ ብላ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የምትገኘው ይህች ትንሽ ቦታ ሦስት ዓይነት ዘመን ተሸክማ ነው የኖረችው። ሐዲዱን የዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራው በፈረንጅ ቀን ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመስከረምና በጥቅምት ይጽፋል። የአካባቢው ሶማሌና ኦሮሞ ደግሞ ልጁ መቼ እንደተወለደ ሲጠየቅ ረመዳንን ወይም አረፋን ጠቅሶ ይነግርሃል። በዚህ ላይ ወታደራዊ ማሰልጠኛው አለ። ለሰላም ማስከበር የሚዘምት ወታደር እዚያ ይሰለጥናል፤ ሲቀጠር የሞላው ቅጽ በኛ ቀን ነው፣ ሲዘምት የሚይዘው ወረቀት በጎርጎርዮስ ቀን ነው።

ድሬዳዋ ራሷ ከዚህ ጣጣ አላመለጠችም። ባቡሩ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ በኛ 1895 ዓ.ም. ነው። አንድ ጸሐፊ «ከተማዋ በ1902 ተቆረቆረች» ብሎ ዝም ካለ፣ አንባቢው በኛ አቆጣጠር አንብቦ ከተማዋን በሰባት ዓመት ያሳንሳታል። ከተማ ስለሆነች ብዙም አትጎዳም፤ ለከተማ የጡረታ መብት የሚያስከብርላት የለም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ዘመን ያን ያህል አላስቸገረም። መዝገብ ያዡ የሰፈር ሰው ነው። ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው መልክ አይቶ፣ ከተጻፈው ዓመት ጋር አስተያይቶ፣ «ይሄማ በኛ ነው» ብሎ ያልፋል። ከተጠራጠረም ቀና ብሎ ይጠይቃል፤ «አቦ፣ ጂሲ ነው ኢሲ?»። ይህች አጭር ጥያቄ ስንቱን መዝገብ እንዳዳነች ማንም ቆጥሮ አያውቅም። ኮምፒዩተሩ የማይጠይቀው ይህችኑ ነው።

ድረ ገጽ ላይ «የትውልድ ቀን» የሚለውን ሳጥን ሲነኩት ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ የቀን ሠንጠረዥ ብቅ ትላለች። ያቺ ሠንጠረዥ የምታውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሳጥኑ ቀኑን የሚልከውም ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ በደረደረው ቁጥር ነው። አደራደሩ እ.ኤ.አ. በ1988 አይሶ 8601 ተብሎ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። በራሱ ጥሩ ደረጃ ነው፤ አሜሪካኖች ወሩን፣ አውሮፓውያን ቀኑን እያስቀደሙ «03/04 የቱ ነው?» እያሉ የተወዛገቡበትን ገላግሏል። እኛን ግን አልገላገለንም። የኛ ጭቅጭቅ የቱ ቁጥር ይቅደም አይደለም፤ ቁጥሩ የማን ነው የሚል ነው። ሳጥኑ ደግሞ ገና ከመነሻው የጎርጎርዮስ ነው ብሎ ወስኖ ተቀምጧል።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን፣ ምንም ሳይቀየር፣ እንዳለ የፈረንጁ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ኮምፒዩተሩ ስንቱን ይይዛል? የጳጉሜን ቀናት ይይዛል፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ። ከጥቅምት 30ን ይይዛል፤ ሁለተኛው ወር ለሱ ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የላትም። ጥቅምት 29ንም እንደ ዓመቱ ይይዛል። ከዚህ ሌላ ያለው ሁሉ፣ መስከረም ከ1 እስከ 30፣ ኅዳር ከ1 እስከ 30፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ፣ በፈረንጁም አቆጣጠር ደህና ቀን ነው። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ካሉት 365 ቀናት 358ቱ ወይም 359ኙ ያለ አንዳች ተቃውሞ ሾልከው ያልፋሉ። ኮምፒዩተሩ «ተቀብያለሁ» ይላል፣ አረንጓዴ ምልክት ይታያል፣ ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል።

የሚያዙት ስድስት ወይም ሰባት ቀናትም ሁልጊዜ አይያዙም። ጃቫስክሪፕት የተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ ዓመት፣ ወርና ቀኑ ለየብቻ በቁጥር ሲሰጠው ከልኩ ያለፈውን ወደ ፊት ያሻግራል እንጂ አይጮህም። ጳጉሜ 5 ቀን 1992ን በ13ኛ ወርነት ብትሰጡት ጃንዋሪ 5 ቀን 1993 አድርጎ ያስቀምጠዋል። (ይኸው ቋንቋ ወሮችን ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ ጃንዋሪ ለሱ ዜሮ ነው። የኛን 13 ወር እንግዳ ነገር ነው ለሚለን ፕሮግራመር ይህን ማስታወስ ደስ ይላል።)

የኛ ችግር ከሌላው ዓለም የከፋው የራሳችን አቆጣጠር ስላለን አይመስለኝም። ታይላንዶችም የራሳቸው አላቸው፤ ከጎርጎርዮስ በ543 ዓመት ይቀድማል። ኢራኖችም አላቸው፤ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው። ታይላንዳዊ 2540 ብሎ ቢጽፍ ማንም ሰው ገና ያልተወለደ ሰው ነው ብሎ አይመዘግበውም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የኛ ልዩነት ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። የ14 ዓመት ልጅ 22 ሊሆን፣ የ52 ዓመት ሰው 60 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አሳማኝ ናቸው። ስህተቱ ከእውነቱ ጋር ጎረቤት ስለሆነ በዓይን አይለይም።

አንዲት በሁርሶ አካባቢ የተወለደች ልጅ እንውሰድ። መጋቢት 3 ቀን 1997 ዓ.ም. ተወለደች እንበል፤ በፈረንጅ ማርች 12 ቀን 2005 ማለት ነው። ቅጹ ላይ 3/7/1997 ተብሎ ገባ። ኮምፒዩተሩ ጁላይ 3 ቀን 1997 ብሎ ያዘው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ልጅቱ 14 ዓመቷ ነው፤ መዝገቡ ግን 21 ዓመት ከስምንት ወር ይላታል። ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይጠይቃል፤ መዝገቡ ሕጉን አሟልቷል። ይህ በስህተት የመጣ ነው እንበል። ግን አውቆ ለሚያደርገውም ሰው ከዚህ የተመቸ ነገር አለ? ቁጥሩን አልቀየረም፣ አልሰረዘም፣ አልፋቀም። ቢጠየቅ «ጂሲ መስሎኝ ነው» ማለት ይበቃዋል። ሐሰተኛ ሰነድ እውነተኛ ቁጥር ይዞ ሲመጣ ማን ይከሰሳል?

በጡረታም ያው ነው። በ1958 ዓ.ም. የተወለደ ሠራተኛ 1958 ጂሲ ተብሎ ከገባ 52 ዓመቱ ላይ 60 ሞላህ ይባላል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1958 የተወለደው ሰው በኢትዮጵያ ተብሎ ከተያዘ ደግሞ 60ን አልፎ እስከ 68 ድረስ ጉልበቱን ይገብራል። አንዱ ደሞዙን ያጣል፣ ሌላው ዕረፍቱን ያጣል፤ ሁለቱም የመዝገብ ቤቱን መስኮት ሲያንኳኩ «ሲስተሙ የሚለው እንደዚህ ነው» ይባላሉ። ሲስተሙ'ኮ ምንም አላለም፤ የተሰጠውን ነው የመለሰው።

አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ችግሩን አውቄያለሁ ብሎ መድኃኒት አበጅቷል፤ «ዓመቱ ላይ ስምንት ደምር» የሚል። ቀኑና ወሩ ባሉበት ይቀራሉ። ይሄኛው ስህተት ከመጀመሪያው ያነሰ ስለሆነ የባሰ ተንኮለኛ ነው። መጋቢት 3 ቀን 1997 በዚህ ስሌት 3/7/2005፣ ማለትም ጁላይ 3 ይሆናል። መስከረም 10 ቀን 1997 ደግሞ ጃንዋሪ 10 ቀን 2005 ይሆናል፤ እውነተኛው ቀን ሴፕቴምበር 20 ቀን 2004 ሆኖ ሳለ። ብትቆጥሩት ልዩነቱ ሁልጊዜ ከ112 ቀን ብዙም አይርቅም፤ ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ለአዋቂ ሰው ምንም አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ። ሕፃን ግን በአገራችን የክትባት ፕሮግራም በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንቱ ይከተባል። አሥራ አራት ሳምንት 98 ቀን ነው። እንግዲህ የትውልድ ቀኑ በዚህ ዘዴ የተመዘገበ ሕፃን መዝገቡን ካመንነው የአሥራ አራተኛ ሳምንት ክትባቱን የወሰደው ከመወለዱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለውን ክትባት አይቀበልም። ጤና ሠራተኛዋ ታዲያ ምን ታድርግ? ወይ ክትባቱን ሳትመዘግብ ትተዋለች፣ ወይ ኮምፒዩተሩን ለማስደሰት ሌላ ቀን ትፈጥራለች።

«ታዲያ ለምን እንደ ሰው አንሆንም? ለምን የፈረንጁን አንወስድም?» የሚሉ አሉ። ሌሎች አድርገውታል፤ ሩስያ በ1918፣ ቱርክ በ1926፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። ግን ሩስያ ቀኗን ከቀየረች በኋላ የጥቅምት አብዮቷን በኖቬምበር 7 ስታከብር ኖራለች። አቆጣጠር ሲለወጥ አሮጌው ወረቀት አብሮ አይለወጥም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ሕዝብ ያለው ማስረጃ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያና የእናት ትዝታ ነው፤ በሁርሶ ደግሞ የእናት ትዝታ በሒጅራ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ቀን ቀያሪ ፕሮግራም ነገ ጎርጎርዮሳውያን ብንሆንም ለሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ያስፈልገናል።

ፕሮግራመሮቻችን «መሣሪያው የለም» ሲሉ ግን አልቀበላቸውም። አለ። አይሲዩ የተባለው ብዙ ሶፍትዌር የሚገለገልበት የጋራ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። የጃቫ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ጆዳ ታይምም ያውቃል። ክሮምና ፋየርፎክስ ራሳቸው ከተጠየቁ ቀንን በመስከረምና በጥቅምት ጽፈው ያሳያሉ። ሒሳቡም ቢሆን ከባሕረ ሐሳብ ጋር ሲተያይ የልጆች ጨዋታ ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ አስልቶ ፋሲካን ያወጣ የነበረ አገር፣ 30 ቀን የሆኑ 12 ወሮችና አንዲት ጳጉሜ ከብደውት አያውቁም። የጎደለው ሌላ ነው። ቅጹን ሲሠሩ ከሌላ አገር የመጣውን ሳጥን እንዳለ ገልብጠው «የትውልድ ቀን» ብለው በአማርኛ ይጽፉበታል። ቃሉ ብቻ ተተረጎመ፤ ቀኑ አልተተረጎመም።

ደግሞ የመለወጡን ሥራ ለማን እንደሰጡት ልብ በሉ። ለባለጉዳዩ። ድሬዳዋ ውስጥ በየኢንተርኔት ቤቱ ቅጽ ሊያስሞላ የተቀመጠው ሰው፣ ከጎኑ ያለው ልጅ በስልኩ ቀን ሲቀይርለት፣ አንዱ ልጅ ስምንት ሲደምር፣ ሌላው ሰባት ሲደምር ታዩታላችሁ። አንድ ሰው በሦስት ቦታ ሦስት የትውልድ ቀን ይዞ ይወጣል። በኋላ ፓስፖርቱና የትምህርት ማስረጃው ሳይገጥሙ ሲቀሩ አጭበርባሪ የሚባለው እሱ ነው።

ኮምፒዩተር ውስጥ ቀን በመሠረቱ ስም የለውም፤ ቆጠራ ነው። አብዛኛው ሲስተም ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው፤ እኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. እንለዋለን። ከዚያች ቀን ወዲህ ስንተኛው ቀን እንደሆነ አንዴ በትክክል ከተያዘ፣ በኛም በፈረንጅም በሒጅራም ማሳየት የማሽኑ ፋንታ ነው። ሰው በሚያውቀው ቀን ይጻፍ፤ የወሩን ስም ከዝርዝር ይምረጥ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ጳጉሜ ትኑር፤ የፈረንጁ ቀን ወዲያው ከሥር ይታየው። «መጋቢት» ብሎ የመረጠ ሰው ጂሲ ነው ኢሲ ተብሎ አይጠየቅም። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ካርዱ ላይ የትውልድ ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያትማል፤ ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው። ካርዱን ተቀብሎ ከሁለቱ አንዱን ብቻ በእጁ የሚገለብጠው መሥሪያ ቤት ግን አሁንም የድሮውን ሳጥን ይዞ ተቀምጧል።

ሲስተም ገዝተው የሚረከቡ ኃላፊዎች ከመፈረማቸው በፊት ሻጩን አንድ አራት ቀን ቢያስሞሉት ጥሩ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ይጻፍ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብሎ መመለስ አለበት፣ የሉቃስ ዓመት ስለሆነ። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ይጻፍ፤ እንቢ ማለት አለበት። ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ነው፤ ጥር 11 ቀን 2017 ደግሞ ጃንዋሪ 19 ነው። ጥምቀትን ሁልጊዜ 19 ላይ የሚያውል፣ እንቁጣጣሽንም ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ የቸነከረ ፕሮግራም ከሆነ ክፍያው ይቆይ።