ምትሐትና እውነት በዘርአ ያዕቆብ «ሐተታ»

«ምትሐት» የሌለውን እንዳለ፣ ያለውንም ሌላ አስመስሎ የማሳየት ሥራ ነው። በገዳማውያን ትምህርት የምትሐት ባለቤት ዲያብሎስ ሲሆን በዘርአ ያዕቆብ «ሐተታ» ውስጥ ግን ሥራው የሰው ነው። ሰው የራሱን ቃል የእግዚአብሔር ቃል አድርጎ ይናገራል፤ ልጆቹም ሳይመረምሩ ይወርሱታል፤ ዘመን ሲያልፍ የወረሱትን ከተፈጥሮ ሕግ መለየት ያቅታቸዋል። የዚህ አነስተኛ የግእዝ መጽሐፍ ኃይልም ሆነ ድካም ከዚህ ነጥብ ይመነጫል።

መጽሐፉ ስለ ባለቤቱ እንደሚተርከው ዘርአ ያዕቆብ በ1599 እ.ኤ.አ. በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሮ መምህር ሆነ። ጊዜው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉበት፣ ሕዝቡም በሃይማኖት ተከፍሎ የሚጋደልበት ነበር። መምህሩ ሲያስተምር የሁለቱንም ወገን ትርጓሜ እየጠቀሰ አንዱንም ሳይፈርድ ያልፍ ስለነበር በሁለቱም ዘንድ ተጠላ። አንድ ጠላቱ ለንጉሡ ሲከሰው ጥቂት ወርቅና የዳዊት መዝሙር ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ ባገኘው ዋሻም ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋናቸውን ከለቀቁ በኋላ ወጥቶ በእንፍራዝ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ጸሐፊና አስተማሪ ሆነ። መጽሐፉንም የሀብቱ ልጅና የእርሱ ደቀ መዝሙር የሆነው ወልደ ሕይወት ለምኖት በ1667 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ይነገራል።

በዋሻው ውስጥ የተነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ቀና ናት ካለ በመካከላቸው የሚፈርደው ማን ነው? ፈራጅ ሆኖ የሚቀርበው ሁሉ ራሱ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነው። ዘርአ ያዕቆብ የሚሰጠው መልስ ፈጣሪ በሰው ልብ ያኖረው የማስተዋል ብርሃን ነው። ሰዎች በሐሰት የሚኖሩት እውነት ስለተሰወረች ሳይሆን መመርመር አድካሚ በመሆኑ ነው፤ ከአባት የሰሙትን መቀበል ይቀላል። ስለዚህ የሙሴን የመንጻት ሕግ፣ የክርስቲያን መነኮሳትን ድንግልና፣ ጾምን፣ በእስልምና የተፈቀደውን ብዙ ሚስት ማግባት በየተራ እያቀረበ ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር ያስተያያል። የማንም ወገን አያመልጥም።

መጽሐፉ ከምናኔ ትምህርት ጋር የሚጋጨውም እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የቆየው የምናኔ ትምህርት ይህን ዓለም ኃላፊ ጥላ፣ የወዲያኛውን ደግሞ እውነተኛ አድርጎ ያያል። ዘርአ ያዕቆብ የሚታየው ዓለም ኃላፊ መሆኑንም ሆነ ከሞት በኋላ ሕይወት መኖሩን አይክድም። የሚክደው ጋብቻን፣ ምግብን፣ የእጅ ሥራን እንደ እርኩስ የሚያይ ትምህርት ከእግዚአብሔር መምጣቱን ነው። ፈጣሪ መልካም አድርጎ የሠራውን ክፉ ነው ማለት በፈጣሪ ላይ መዋሸት ነውና። እንደ ባሕታዊ ወደ ዋሻ የገባው ሰው ሲወጣ ባሕታዊ አልሆነም፤ ሚስት አገባ፣ በብዕሩ ደመወዝ ኖረ፣ ልጅ ወለደ።

እውነትን ከምትሐት ለመለየት የሚያቀርበው መለኪያ ግን የሚያነክስ ነው። እንደ እርሱ አባባል እውነት አንድ ስለሆነች ሰዎች ሁሉ ይስማሙባታል፤ ሐሰት ግን ብዙ ናትና ትለያያቸዋለች። መግደል፣ መስረቅ፣ ማመንዘር ክፉ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በሰንበትና በምግብ ሕግ ላይ ግን ይለያያሉ። ይህ ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ባርነትን በተመለከተ ግን ይሰበራል። ሰውን ባሪያ አድርጎ መያዝ በዘመናት ሁሉ አይሁድም፣ ክርስቲያንም፣ እስላምም ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነውና። በስምምነት ቢመዘን ኖሮ የተፈጥሮ ሕግ ሊባል በተገባው ነበር።

ደራሲው ራሱ በዚህ መለኪያ አለመመራቱን የምትመሰክረው ሒሩት ናት። የሀብቱ ቤት አገልጋይ ነበረች። ሊያገባት ሲፈልግ ከዚያ በኋላ የእርሱም አገልጋይ እንዳትሆን፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መሆናቸውን ተናግሮ አገባት። በዙሪያው የነበረው ስምምነት ሌላ ነበር። እርሱ ያየው የለመደው ዓይን የማያየውን ነው። ከዚህ አንፃር የመጽሐፉ ጠንካራ ማስረጃ ከሙግቶቹ ይልቅ ይህ አጭር ትረካ ነው። ልማድ «አገልጋይ» ያላት ሴት በእግዚአብሔር ፊት ማን እንደሆነች አንድ ሰው ሲጠይቅ ምትሐቱ ይገፈፋል።

ይሁን እንጂ ገዳማውያኑም የሚመልሱት አላቸው። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉት መጻሕፍተ መነኮሳት በአንድምታ ትርጓሜ ጉባኤ የሚነገሩት መነኩሴ ራሱን እንዳያታልል ጭምር ነው። በእነርሱ ትምህርት ሰውን ይበልጥ የሚያስተው የገዛ ልቡ ብርሃን መስሎ የሚታየው ነገር ነው። ስለዚህ ያየ ሰው ያየውን ለመንፈሳዊ አባቱ ይናገራል፤ በትሕትና ይፈተናል። ዘርአ ያዕቆብ እንዲህ ያለ ፈታኝ የለውም። ጸሎት አለው፤ አስተውሎትን የሚለምነው ከፈጣሪ ነው። ግን የልቡ ብርሃን ሲሳሳት የሚያርመው ማን እንደሆነ አይነግረንም። ሌሎችን የመረመረበትን ጥርጣሬ ወደ ራሱ ልብ አለማዞሩ የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ነው።

የመጽሐፉ ዕጣም በዚሁ ጥያቄ ላይ ወድቋል። «ሐተታ» በአውሮፓ የታወቀው የካፑቺን ሚሲዮናዊ የነበሩት አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአንትዋን ዳባዲ ከላኩት ጽሑፍ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሳቸው አባ ጁስቶ ናቸው ሲሉ ጻፉ፤ ኦይገን ሚትቮህም ደገፏቸው። ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ደግሞ ከ1974 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ባሳተሟቸው አምስት ቅጾች የመጽሐፉን ስልትና አስተሳሰብ መርምረው ደራሲው ኢትዮጵያዊው ዘርአ ያዕቆብ ነው አሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

«ሐሳቡ መልካም ከሆነ ማን ጻፈው ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለሌላ መጽሐፍ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይበቃም። በጾም ወይም በጋብቻ ላይ ያለው ሙግት የማንም ይሁን የማን ይቆማል ወይም ይወድቃል። ዋሻው፣ ስደቱ፣ የሒሩት ጋብቻ ግን ምስክርነት ናቸው። በኢትዮጵያ ምድር አንድ ሰው እንዲህ አስቦ እንዲህ እንደኖረ ይነግሩናል፤ ሰውየው ከሌለ ምስክርነቱም ልብ ወለድ ይሆናል።

ስለዚህ መጽሐፉ አንባቢውን ይፈትነዋል። ለአገር ክብር ሲል «የእኛ ነው» ብሎ የሚዘጋው አንባቢ፣ «ሐበሻ እንዲህ ሊያስብ አይችልም» ብሎ ከሚጥለው ጋር አንድ ነገር ይጋራል፤ ሁለቱም ማስረጃውን ሳይመለከቱ የወረሱትን ይዘዋል። ዘርአ ያዕቆብ ኖሮም ሆነ በሌላ ሰው ብዕር ተፈጥሮ፣ በዋሻው ውስጥ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ከሁለቱም የሚሻለው የቃላቱን ዘመን፣ የብራናውን ታሪክ፣ የግእዙን አገባብ ቀስ ብሎ የሚመረምር፣ ውጤቱ ደስ ባይለውም የሚቀበል አንባቢ ነው።