ለጓሮ ብርቱካን የሚሆን ትንሽ ትራክተር አመራረጥ

በ1878 የተመሠረተችው የእስራኤሏ ፔታሕ ቲክቫ በብርቱካን እርሻ ያደገች ከተማ ስትሆን፣ በ1932 የሃይማኖተኞች ሞሻቭ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን ይዞታ እያለማ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚተባበርበት የገበሬ መንደር ሆኖ የተቆረቆረው ክፋር አቭራሃም ዛሬ ከሰፈሮቿ አንዱ ነው። ከተማ በዋጠው በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ ቤተሰብ ሊያለማ የሚችለው ጓሮ ወይም ጥቂት መስመር ዛፍ በመሆኑ፣ ከ20 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር ይበቃዋል፤ ነገር ግን በዚህ መጠን የሚሠሩት ትራክተሮች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ገዢው የሞተሩን ቁጥር ብቻ አይቶ ይወስናል።

ይህ ቁጥር ብዙ አይናገርም። ሣር ማጨጃውን ወይም አፈር የሚያደቅቀውን ሮታቬተር የሚያዞረው ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው፣ በደቂቃ 540 ጊዜ የሚሽከረከረውና ፒቲኦ የሚባለው ዘንግ ነው፤ ወደዚህ ዘንግ የሚደርሰው ኃይል ደግሞ ምንጊዜም ከሞተሩ ያንሳል። የጆን ዲር 1025አር ሞተር ወደ 24 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ የተፎካካሪው የኩቦታ ቢኤክስ2380 ሞተር ከዚያ ጥቂት ያንሳል፤ በዘንጉ ላይ ግን ሁለቱም 18 ገደማ ስለሚሰጡ ማጨጃው ልዩነቱን አያውቀውም።

እውነተኛው ልዩነት የሚጀምረው ከክብደት ነው። የአካባቢው አፈር ሐምራ የሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር ሲሆን፣ ርጥብ ሳለ ከተረገጠ ይጠቀጠቅና ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ዝናቡ የሚጥለው በክረምቱ ወራት ስለሆነም አረሙ የሚበረታው መሬቱ በረጠበበት ጊዜ ነው። ብርቱካን ውሃና ምግብ የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ከገጸ ምድር ስለማይርቁ፣ ከባድ ትራክተር ዛፉን የሚጎዳው ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከሁለት እኩያ ትራክተሮች ቀለል ያለው፣ ሰፋፊ ጎማ የተገጠመለት ሊመረጥ ይገባል። ክብደት የሚጠቅመው በፊት ለፊት አካፋ፣ ማለትም በሎደር፣ ጭነት ለሚያነሣ ሰው ሲሆን፣ ለእርሱም ቢሆን በሥራው ጊዜ ብቻ ከኋላ ማመዛዘኛ መጫን ይሻላል። በጎንደር ገጠር ማረሻ በሚቀጠቅጡ ቤተ እስራኤል አንጥረኞች መካከል አድጎ ወደ እስራኤል ለገባ ሰው መሣሪያን ከአፈሩ ተነሥቶ መምረጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለው ዕውቀት በትራክተር ሻጭ ፊትም ሊከበር ይገባዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ካምቢዮው ነው። ፍሪሲዮን ያለውና ማርሹ በእጅ የሚቀየረው ዓይነት ኃይል ብዙም ሳያባክን ያስተላልፋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ሃይድሮስታቲክ የሚባለው፣ ኃይሉን በዘይት ግፊት የሚያስተላልፈው ዓይነት ግን ከኃይሉ ከፊሉን በሙቀት ያጣል። ይህ ኪሳራ ለሰፊ ማሳ ከባድ ቢሆንም፣ በጓሮ ውስጥ በየዛፉ ሥር ወደፊትና ወደኋላ ለሚመላለስ፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን የጠብታ መስኖ ቱቦም እንዳይቆርጥ ለሚጠነቀቅ ሰው፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን በእግሩ ብቻ መቆጣጠሩ ከኪሳራው ይበልጣል።

በሃይማኖተኞች ሰፈር ሽሚታም ይታሰባል፤ ይህ በየሰባት ዓመቱ የእስራኤል ምድር የሚያርፍበት ዓመት ሲሆን፣ ያለፈው በመስከረም 2022 አብቅቷል፣ የሚመጣውም በመስከረም 2028 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ማረስና መዝራት ይከለከላል፤ ዛፉን ከጥፋት ለመጠበቅ አረሙን ከመሬት በላይ ማጨድ ግን በረቢዎች መመሪያ መሠረት ሊፈቀድ ይችላል። ሮታቬተሩ ዓመቱን ሙሉ ሲቆም ማጨጃው ስለሚሠራ፣ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት ትራክተሩ ከማጨጃው ጋር ያለው ስምምነት ነው፤ ይህም ማጨጃውን አስሮ በዛፎቹ መካከል በመንዳትና በመስመሩ ጫፍ ላይ ለመዞር ስንት ጊዜ ወደኋላ መመለስ እንዳስፈለገ በመቁጠር ይታወቃል። በዚህም ሁለት ትራክተሮች እኩል ከሆኑ፣ መለዋወጫውና መካኒኩ በቅርብ የሚገኝለት ይገዛል።