ከቀዶ ጥገና በኋላ ስለሚታየው የልብ ጡንቻ እንቅስቃሴ

ሬኔ ፋቫሎሮ የተባሉት አርጀንቲናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ከእግር በተወሰደ የደም ሥር የተዘጋውን የልብ ቧንቧ የሚሻገር የደም መንገድ ማበጀት ከጀመሩ ወዲህ፤ ሐኪሞችን የሚያሳስብ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ደም የደረሰው ጡንቻ በእርግጥ ሥራውን ጀምሯልን? የሚል ነው።

መልሱ ከሚፈለግባቸው መንገዶች አንዱ የኑክሌር ሥዕል ነው። ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት የሆነ ቴክኒሺየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ መድኃኒቱም ደም በሚደርሰው ሕያው ጡንቻ ውስጥ ይገባል፤ በሽተኛውን የሚዞር ካሜራ ከልቡ የሚወጣውን የጋማ ጨረር ይለቅማል። የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው መሣሪያ እያንዳንዱን ምት በ8 ወይም በ16 ስለሚከፍለው ሥዕሉ ልብ ሲመታ ያሳያል።

እስከዚህ የምንነቅፈው የለም። የምንነቅፈው አነባበቡን ነው።

ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው በብዙዎቹ ላይ የልብን ግራና ቀኝ የሚለየው ግድግዳ፤ ልብ ሲኮማተር ወደ ግራ መግባት ሲገባው፤ ባለበት ሲቀር ወይም ጭራሹን ወደ ቀኝ ሲሄድ ይታያል። እንቅስቃሴን ብቻ የሚመለከት አንባቢ ግድግዳው ተጐድቷል፤ የተተከለውም ሥር ተዘግቷል ለማለት ይቸኩላል። ዳሩ ግን ደረት ከተከፈተ በኋላ መላው ልብ በሚመታበት ጊዜ ወደ ፊት ይነቃነቃል (ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል)። በሚሄድ ባቡር ውስጥ ወደ ኋላ የሚራመድ መንገደኛ ከውጭ ቆሞ ለሚያየው ወደ ፊት የሚሄድ ይመስላል፤ እግሩ ግን አልታመመም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ግድግዳው ወዴት ሄደ ሳይሆን ወፍሯልን? የሚለው ነው። ካሜራው ቀጭኑን ነገር አደብዝዞ ስለሚያይ ጡንቻ ሲወፍር በሥዕሉ ላይ ይደምቃል። ግድግዳው ከደመቀና መድኃኒቱንም ደኅና አድርጎ ከወሰደ፤ ስለ እንቅስቃሴው ብቻ በሽተኛውን እንደገና ለካቴተር ምርመራ መላክ በእኛ አስተያየት አይገባም።

ሆኖም ተቃራኒው ስሕተት እንዳይከተል እንፈራለን። «ከቀዶ ጥገና በኋላ የተለመደ ነው» የምትለው ቃል ለሰነፍ አንባቢ ትመቻለች። ግድግዳው ካልወፈረና መድኃኒቱንም ካልወሰደ፤ የጡንቻ ጉዳት ነው እንጂ የደረት መከፈት ያመጣው አይደለም። ደግሞም የልብ ምት የተዛባ እንደ ሆነ፤ ይህም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፤ የምቱ አከፋፈል ስለሚበላሽ የመወፈሩን ምልክት ማመን ያስቸግራል።

ከሁሉ የከፋ የሚመስለን ግን ይህ ሁሉ ነገር ልብ በአንድ ምት በሚረጨው ደም የመቶኛ ቁጥር ብቻ ተጠቃሎ ሲጻፍ ነው። መካከለኛው ግድግዳ ያጐደለውን የጎኑ ግድግዳ አብዝቶ በመንቀሳቀስ ስለሚሞላው፤ ቁጥሩ ሁለቱንም ይደብቃል። ሪፖርቱ እንቅስቃሴን፤ መወፈርንና የደም ሥርጭትን ለየብቻ ቢጽፍ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት የተነሣውንም ሥዕል አጠገቡ ቢያኖር፤ ሐኪሙ የትኛው ጉዳት አዲስ፤ የትኛውም የቈየ እንደ ሆነ ለመለየት በቻለ ነበር።