ቀኑን ጻፉልን

የክትባት ካርዱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጣሪያ ሥር ነው። እናትየው ተንጠራርታ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ታወርዳለች፤ ሲፈታ የቡና ሽያጭ ደረሰኝ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ከመሃል ደግሞ ጭስ ያጠቆረው፣ እጥፋቱ የተበጠሰ ካርድ። በጌዴኦ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ ገጠር ቤት ለቤት ስዞር ግማሹ የክትባት ጥናቴ እዚያ ፌስታል ውስጥ ነበር። ማን እንደተከተበ ሳይታወቅ ክትባቱ ሠራ አልሠራ ማለት አይቻልማ።

ካርድ ከሌለ የሚቀረው የእናት ትውስታ ነው። በ2010 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሳው ግጭት ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ካርዳቸው ከቤታቸው ጋር ቀርቷል። ጀማሪ ሳለሁ «ልጅሽ ተከትቧል?» ብዬ ጠየቅሁ፤ «አዎ» አለችኝ፤ ቅጹን ሞላሁ። ማታ ከጌዴኦኛ የሚያስተረጉምልኝ ልጅ «አፉ ውስጥ የጨመቁለትን እኮ ነው ያለችህ» አለኝ። ለካ ቫይታሚን ኤ ኖሯል! የፖሊዮ ጠብታም በአፍ ነው፤ እናት ምን ታድርግ? ጥፋቱ የጥያቄዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ በታትኜ እጠይቃለሁ፦ መርፌ ነው ጠብታ? ክንዱ ላይ ነው ጭኑ ላይ? የተወለደውስ ከደራሮ በዓል በፊት ነው፣ ወይስ ቡና ሲለቀም?

ወረርሽኝ ሲነሳ «ከታመሙት የሚበዙት የተከተቡ ናቸው፤ ታዲያ ክትባቱ ምን ፈየደ?» ይባላል። የጤና ባለሙያ ሲለውም ሰምቻለሁ። 100 ልጆች ካሉበት መንደር 90ዎቹ የኩፍኝ ክትባት ወስደዋል እንበል። በ9 ወር የሚሰጠው አንዱ ዶዝ ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል። በሽታው ሁሉንም ቢያዳርስ ካልተከተቡት 10ሩም፣ ከተከተቡት 13 ወይም 14 ይታመማሉ። የተከተቡት በለጡ፤ ክትባቱ ባይኖር ግን 90ዎቹም በታመሙ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በ15 ወር የሚሰጥ ሁለተኛ ዶዝ የተጨመረውም ለእነዚህ 13 ወይም 14 ልጆች ነው።

ከተከተቡት የታመሙት 40 ቢደርሱ ግን ፊቴን ወደ ክትባቱ ማቀዝቀዣ አዞራለሁ። የኩፍኝ ክትባት ሙቀት አይችልም፤ ከተበጠበጠ ደግሞ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ብልቃጡ የ10 ልጅ ስለሆነ ሁለት ሕፃን ብቻ ሲመጣ መክፈቱ ያሳሳል፤ «ሌላ ቀን ነይ» ይባላል። ዳገት ወርዳ የመጣች እናት በቡና ለቀማ ወቅት ተመልሳ ትመጣለች ብዬ አልወራረድም። ብልቃጥ ይባክን እንጂ ልጅ ባይመለስ እመርጣለሁ።

ማቀዝቀዣውን ከመጠርጠሬ በፊት ግን ካርዱን ደግሜ አያለሁ። ክትባት ሰውነት ውስጥ ሥራ እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ወረርሽኙ ከገባ በኋላ በዘመቻ ተከትቦ በሦስተኛው ቀን ያተኮሰው ልጅ ካርዱ ላይ ያለችው «✓» ብቻ ከሆነች፣ ያልሠራ ክትባት ሆኖ ይቆጠርብናል። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ወረፋው እንደሚያጣድፋችሁ አውቃለሁ፤ ግን ምልክት ብቻ አድርጋችሁ አትለፉ፣ ቀኑን ጻፉልን።