ሌባውን ትተን ደወሉን ስንፈራ

መጽሐፍ ሲታተም ገምጋሚ አያጣም፤ ግጥም ሲነበብም አወዳሹና ነቃፊው ብዙ ነው። በእጅ ስልክ የምንቀባበለው የማስጠንቀቂያ መልእክት ግን ከብዙ ድርሰት በላይ እየተነበበ ሐያሲ አላገኘም። «አስቸኳይ! ለምትወዱት ሁሉ አዳርሱ» ብሎ ይመጣል፤ እኛም ሳንመረምር ለሌላው እናሻግረዋለን፤ በጎ የሠራንም ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ መልእክት እንደ አንድ የጽሑፍ ዓይነት ቆጥረን እንመረምረዋለን። እንደ መተማ ባለ የድንበር አገር በአንድ የስልክ ጥሪ ላይ የሰው ሕይወት ሊንጠለጠል ስለሚችል ምርመራው የቅንጦት ሥራ አይሆንም።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዱ ደውሎ ወይም መልእክት ልኮ ገንዘባችንን የሚወስድ አጭበርባሪ ነው። ሌላው ስለ አጭበርባሪ እያወራ የሌለውን አደጋ ያለ አስመስሎ የሚነግረን ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። የመጀመሪያው ኪሳችንን ይነካል፤ ሁለተኛው ማስተዋላችንን። ማስተዋል ከተነካ ደግሞ ኪስም አይተርፍም።

በሰፊው ከሚዞሩት አንዱን እንውሰድ። «በ+375 ወይም በ+371 ከሚጀምር ቁጥር ቢደወልላችሁ አታንሱ፤ በ3 ሴኮንድ ውስጥ የስልክ ማውጫችሁንና የባንክ ምስጢራችሁን ይገለብጣሉ» ይላል። ቁጥሮቹ የቤላሩስና የላትቪያ መለያዎች ናቸው። ነገሩ ከባዶ አልተነሣም። አጭበርባሪዎች አንድ ጊዜ ብቻ አስጠርተው ይዘጋሉ፤ ባለ ስልኩ «ማን ይሆን?» ብሎ መልሶ ሲደውል ጥሪው ውድ ሒሳብ ወደሚያስከፍል መስመር ይገባል፤ ከዚያም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጃፓኖች «ዋንጊሪ» የሚሉት ማታለያ ይኸው ነው። ጉዳቱ መልሶ የደወለው ሰው የሚከፍለው ሒሳብ ነው፤ ስልክ በማንሳት ብቻ የባንክ ምስጢር አይገለበጥም። የመልእክቱ ደራሲ በእውነተኛው ማታለያ ላይ ተአምር ጨመረበት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንባቢውም የውጭ አገር ቁጥር ባየ ቁጥር ይደነግጣል።

ይህ ድንጋጤ መተማ ላይ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች አገሮች ዜጎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ገቡ። ከኋላ የቀረ ቤተሰብ የነበራቸው ብዙዎች ናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአብዛኛው የሱዳን ክፍል የስልክ መስመር ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚደውለው ከጎረቤት፣ ከነጋዴ ወይም ከመንገደኛ ለምኖ ባገኘው ስልክ ነው። በ+249 የሚጀምር የማታውቀው ቁጥር ሲጠራ «አታንሺ» የተባለች እናት ምን ታድርግ? ደዋዩ ልጇ ቢሆንስ? መልእክቱ ከእርሷ ብር አልሰረቀም፤ ልጇን ግን ሊያስቀርባት ይችላል።

በዚሁ አገር ሌላም ክፉ ጥሪ አለ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚሻገሩ ወጣቶች በሕገ ወጥ አሸጋጋሪዎች እጅ ሲወድቁ ለቤተሰባቸው እየተደወለ ገንዘብ ይጠየቃል። ከጎንደር እስከ መተማ ባለው መንገድም ሰው እየታገተ ቤዛ መጠየቁ ባለፉት ዓመታት ብዙ ቤት አስለቅሷል። ይህ እውነት ነው፤ እውነት በመሆኑም አጭበርባሪ ይነግድበታል። ማንንም ሳይዝ «ልጅህ እኛ ዘንድ ነው» ይላል። በቁጥሩ አጀማመር ሁለቱን መለየት አይቻልም። የልጁን ድምፅ ለመስማት መጠየቅ፣ ከቤተሰቡ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ማስጠየቅ፣ በሌላ ስልክ ለልጁና አብረውት ለወጡት መደወል፣ ለብቻ ሳይቀመጡ ቤተ ዘመድና ፖሊስ ማማከር ያስፈልጋል። እገታው እውነት ሊሆን ስለሚችል ደዋዩን በረጋ አንደበት ጊዜ መጠየቅ ይበጃል።

«90# ጫኑ ብትባሉ አትጫኑ፤ ሲም ካርዳችሁ ይገለበጣል» የሚለውም የዚያው ዘመድ ነው። መልእክቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሲዞር የነበረ ነው። ያኔም ቢሆን ወደ ውጭ ለመደወል 9ን መጫን በሚያስፈልግባቸው አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ማዞሪያዎች ላይ እንጂ በእጅ ስልክ ላይ አይሠራም ነበር። የሚያስቆጨው እውነተኛው ወንድሙ ሳይነገር መቅረቱ ነው። በ*21* ጀምሮ የሌላ ሰው ቁጥር አስገብቶ በ# መጨረስ ወደ እኛ የሚመጣውን ጥሪ ወደዚያ ሰው ያዞራል፤ በጥሪ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥር ካለም አብሮ ይሄዳል። ሐሰተኛው የእውነተኛውን ወንበር ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው።

የዚህ ድርሰት አያት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሸይኽ አሕመድ የተባለ የመዲና ሐረም ኻዲም ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) በህልሙ አይቶ ኑዛዜ ተቀበለ የሚለውን ወረቀት የማያውቅ ማን አለ? ያባዛ ይከብራል፤ የደበቀ መከራ ያገኘዋል ይላል። የሆላንዱ ምሁር ስኑክ ሁርግሮንዬ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለዚሁ ወረቀት ጽፏል፤ የሳዑዲው ዓሊም ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ ባዝም ሐሰት መሆኑን ገልጸው በጽሑፍ አስጠንቅቀዋል። ወረቀቱ ግን ከእጅ ጽሑፍ ወደ ፎቶ ኮፒ፣ ከፎቶ ኮፒ ወደ ስልክ እየተሻገረ ዕድሜውን ያራዝማል። አሠራሩን ልብ እንበል፦ ማንም ጠይቆ የማያገኘው ምስክር፣ የሚያስፈራ ስም፣ ጥድፊያ፣ ላሰራጨ ሽልማት፣ ለዘገየ ቅጣት። በዛሬው መልእክት በኻዲሙ ቦታ «ፖሊስ» ወይም «ቴሌ» ገባ እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬን እንድናጣራ የታዘዝን ሰዎች ነን፤ ትእዛዙ በስልክ የመጣውን ወሬ አይጨምርም ያለን ማን ነው?

«ከመጠንቀቅ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ጉዳቱ ይህ ነው፦ አደጋው ስልክ ማንሳት ላይ ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ በትሕትና የሚያናግረውን ሌባ አይጠረጥርም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሰሊጥ አጨዳ የደከመ የቀን ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ በስልክ ወደ ቤቱ መላክ ይችላል። አንዱ «ከቴሌ ነው የምደውለው፤ ዕጣ ደርሶዎታል፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ይለዋል። ሌላው ብር የገባ የሚያስመስል መልእክት ልኮ «ተሳስቼ ነው፤ እባክህ መልስልኝ» ይላል። ሠራተኛው ግን ያስጠነቀቁት ስለ ቤላሩስ ቁጥር ነው! በ*127# ሒሳቡን ቢያይ የገባ ብር እንደሌለ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ መለኪያው ምን ይሁን? እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ማን እንደተናገረው ይታወቃል፤ ገንዘቡ የሚጠፋው በየትኛው ድርጊት እንደሆነ ይገልጻል፤ ጠይቀን የምናረጋግጥበትንም ያሳየናል። ስለ ስልክ ከሆነ 994፣ ስለ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ሐሰተኛው ይህን ሁሉ ትቶ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ እንድናሰራጨው። አጭበርባሪው በበኩሉ «ለማንም እንዳትነግር» ይላል። አንዱ ለሁሉ ንገር፣ ሌላው ለማንም አትንገር ቢሉም ሁለቱም ጊዜ ይነሡናል፤ ስለዚህ መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ቆም ብሎ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ።

ውድ አንባቢ፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ያላጣራነውን ማስጠንቀቂያ ባስተላለፍን ቁጥር የጎረቤታችንን አጥር የምንቀደው እኛ ነን። የሚደርስህ መልእክት ምንጩ ካልታወቀ እጅህ ላይ ይቅር። ስልኩ ሲጠራ አንሳ፤ የምስጢር ቁጥርህን ግን ለማንም አትስጥ።