የቱርክ አፍ፣ የአማርኛ ድምፅ

ሸዋ ሮቢት ላይ ቀትር ሲሆን ከጥላ ውጪ የሚቆም ሰው አይገኝም። ከጣርማ በር ብርድ ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ መጀመሪያ ሹራቡን ያወልቃል፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠይቃል፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራል። በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥኑ ከፍ ተደርጎ ተሰቅሏል፤ ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ግን ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጥታለች። ዓይኗ ከሰሉ ላይ፣ እጇ ረከቦቱ ላይ ነው። ሆኖም ማን ማንን እንደከዳ፣ የትኛው ወንድም እንደዋሸ፣ ደብዳቤው በማን እጅ እንደገባ ጠይቋት፤ ሳትሳሳት ትነግራችኋለች። ፊልሙ የቱርክ ነው፤ እሷ የምትከታተለው በጆሮዋ ነው።

ይህ የሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት የቆመ ሰው ሥራውን በወጉ ስለሠራ ነው። ስለዚህ ሥራ እምብዛም አይወራም። የቱርክ ፊልም ሲነሳ ወይ ባህል አበላሸ ብለን እንወቅሳለን፣ ወይ የተዋናዮቹን መልክ እናደንቃለን። ከኢስታንቡሉ ተዋናይ ከንፈር ጋር የእኛን አማርኛ ያጋጠመውን ስፌት ቀረብ ብሎ የሚያይ የለም። ጥሩ ስፌት ስለሆነም ይሆናል፤ አይታይም።

ጆሯችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ሰብለ ወንጌልንም፣ ጉዱ ካሣንም የሆነው በአንድ ጉሮሮ ነበር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ 257 ክፍል ሲሆን አድማጩ አንድም ፊት ሳያይ ስንቱን ገጸ ባሕርይ በድምፁ ለይቶ አውቋል። ከዚያም የህንድ ፊልሞች አሉ፤ አንድ ተራኪ ብቻውን አክተሩንም፣ ፍቅረኛውንም፣ ሽፍታውንም ሆኖ የሚተርክባቸው ቅጂዎች። እነዚያን ያየ ሰው ያስታውሳል፦ ተራኪው አፉን በከፈተ ቁጥር ሙዚቃው ይሰምጣል፣ ዝናቡ ድምፁ ይጠፋል፣ ተራኪው ሲጨርስ ዝናቡ እንደገና ይጀምራል። ደስታው ግን አልጎደለም። እንዲያውም አንዳንዱ ተራኪ ከፊልሙ በላይ ይወደድ ነበር፤ ከራሱ ጨምሮ ይሳደባላ!

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር የመጣው ለውጥ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን ድምፅ መስጠት ነው። በቱርኩ ተከታታይ ፊልም «ጥቁር ፍቅር» ላይ ፖሊሱ ዑመርና ኤሊፍ በአማርኛ ተጣሉ፣ በአማርኛ ታረቁ። የእግር ኮቴው፣ የመኪናው በር፣ ከበስተኋላ ያለው ሙዚቃ ከንግግሩ ሥር ሳይቋረጥ ቀጠለ። የአገር ቤት የኪነ ጥበብ ሰዎች በጊዜው ተቃውሟቸውን አሰምተዋል፤ ለእንጀራቸውና ለሙያቸው መስጋታቸው የሚገባ ነው። ያ ክርክር የራሱ ቦታ አለው። እዚህ የያዝኩት ጉዳይ ግን የእጅ ሥራው ነው።

ከከንፈር እንጀምር። ከሰው አፍ ከሚወጡት ድምፆች አብዛኞቹ አይታዩም። ገ እና ከ ጉሮሮ አካባቢ፣ ተ እና ነ ከጥርስ ኋላ የሚሠሩ ናቸው፤ ተመልካች አይፈርድባቸውም። ተመልካች የሚፈርደው ሁለቱ ከንፈሮች በሚገጥሙባቸው በ፣ ፐ እና መ ላይ ነው፤ ጥርስ ከንፈርን በሚነካባቸው ፈ እና ቨ ላይም ትንሽ ይፈርዳል። ስለዚህ ተርጓሚው ሙሉውን አረፍተ ነገር ከአፉ ጋር ማስኬድ አይጠበቅበትም፤ ከንፈር የገጠመባትን ቅጽበት ካገኘ ሌላው ይከተላል። ቱርኩ ልጅ አባቱን «ባባ» ሲል ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ይገጥማል። አማርኛ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ «አባባ» እንደተሰፋለት ልብስ ልክ ይመጣል። እናቱን ሲጠራ «አኔ» ይላል፤ ከንፈር አይነካካም። «እማዬ» ለጆሮ ይጣፍጥ ነበር፣ ነገር ግን ካሜራው ፊቱ ላይ ከተደቀነ መ ታሳጣለች፤ «እናቴ» ቢል ሰላም ነው። «ታማም» ብሎ የተስማማ ሰው አፉን ዘግቶ ነው የሚያበቃው። የእኛ «እሺ» አፍ ከፍቶ ይቀራል፤ ቦታው ከፈቀደ «ግድ የለም» ብሎ አብሮ መዝጋት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ፊት ለፊት ለሚታይ አፍ ነው። ካሜራው ወደ ማጅራት ሲዞር ወይም ሰውዬው ራቅ ሲል ተርጓሚው እፎይ ይላል። በአማርኛ ረዘም ያለውን ማብራሪያ፣ ቀድሞ አልገባ ያለውን ቃል የሚያስገባው እዚያ ነው። አንድ ክፍል ስታዩ ይህን ልብ በሉ፦ ሰዎች ጀርባቸውን ሲሰጡ ወሬያቸው ይበዛል።

ከከንፈሩ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የአረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ለምሳሌ «ባባሚ ሰን ኦልዱርዱን» ቢል ቃል በቃል «አባቴን አንተ ገደልከው» ማለት ነው፤ ሦስት ቃል በሦስት ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል። የእንግሊዝኛው ቢሆን ገዳዩ መጀመሪያ፣ መግደሉ መሐል፣ አባት መጨረሻ ይመጣ ነበር። ተዋናዩ ደግሞ ፊቱን የሚያዘጋጀው በቃሉ ቅደም ተከተል ነው። «አባቴን» ሲል ዓይኑ ይርሳል፣ «አንተ» ሲል አገጩ ይቀናል፣ ግሡ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል፤ ካሜራውም ያኔ ወደ ተከሳሹ ይዞራል። አማርኛው ይህን ሁሉ ሳያዛንፍ ይቀበላል። ቆላ ያለ አድማጭ የቱርክን ልቅሶ ያለ እንከን የሚያምነው አንድም በዚህ ይመስለኛል፤ ኀዘኑ የሚወድቀው እኛ በምንጥልበት ቦታ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ቱርክኛ ወንድና ሴት አይለይም። ከዚህ የከፋ ወጥመድ ለአማርኛ ተርጓሚ የለም። ባል ሳሎን ተቀምጦ ስልክ ይደውላል እንበል፤ ሚስቱ ከጎኑ ፍሬ ትልጣለች። «ነረደሲን?» ይላል፤ ያለህበትን ወይም ያለሽበትን ቦታ መጠየቁ ነው። በቱርክኛ ሚስቲቱ ምንም አታውቅም፤ የሥራ ባልደረባው ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «የት ነሽ?» ባለ ቅጽበት ግን ፊልሙ አለቀ፤ ቀሪው ሠላሳ ክፍል ለምን ያስፈልጋል? «የት ነህ?» ካለም ተርጓሚው ራሱ ተመልካቹን ዋሸ ማለት ነው፤ ቆይቶ ሴትዮዋ ስትገለጥ ቡና ቤቱ ይቆጣል። ጎበዙ ተርጓሚ «የት እንገናኝ?» ያሰኘዋል። ጥያቄው ያው ነው፣ ጾታው ተሰወረ፣ ትዳሩም ለጊዜው ተረፈ።

ያልታወቀ ገዳይ ሲኖር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። «መጣ» ብትል ወንድ አደረግኸው፣ «መጣች» ብትል ሴት። እዚህ ላይ የአማርኛ አክብሮት ሳይታሰብ የምስጢር መሣሪያ ይሆናል፦ «እሳቸው ናቸው ያዘዙት» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። ተላላኪው ወንበዴ አለቃውን አንቱ ማለቱ ደግሞ ያምርበታል። ምስጢሩም ክብሩም በአንድ ቃል ተጠበቁ። ይህን ዓይነት መፍትሔ ስሰማ የማላውቀውን ተርጓሚ ቡና ልጋብዘው ያምረኛል።

የአክብሮቱ ነገር የሸዋ ሮቢት አገር በሆነው በይፋት በኩል ሲታይ የራሱ ጣጣ አለው። ቱርክኛም አንተና አንቱ አለው፤ ነገር ግን ልኩ ከእኛ ጋር አይገጥምም። እዚያ ልጅ አባቱን አንተ ቢል ነውር የለበትም። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው የቀወት ገጠር ግን ታላቅ ሰው አንቱ ነው። ከተማው «እርስዎ» ይላል፣ ገበሬው «አንቱ»፤ ሁለቱንም ያልሰማ ሽማግሌ ይቆጣል። ተርጓሚው ምራቲቱ አማቷን «አንተ» እንድትል ካደረገ፣ ማሾውን ሸጦ ሻይ ሊጠጣ የገባው ሰውዬ «ይቺ ደግሞ ምን ያለች ስድ ናት?» ይላል። ከዚያ በኋላ ምስኪኗ ምራት ሃያ ክፍል ብታለቅስ አያዝንላትም። ደራሲው ጨዋ አድርጎ የጻፋትን ሴት አንድ ተውላጠ ስም ባለጌ አደረጋት። በተቃራኒው ደግሞ ሲያዋርዳት የኖረውን ሰው ስታከብረው ቆይታ ድንገት «አንተ» ስትለው፣ ጥፊም ስድብም ሳይጨመር ቤቱ በሙሉ «እሰይ!» ይላል።

ስለ ትንፋሽም ልናገር። ኢትዮጵያዊ «አዎ»ን ሁልጊዜ በቃል አይናገርም፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እህ» ይላል። መንገደኛ የውጭ ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። ቱርኩ ተዋናይ ዝም ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ድምፅ ተዋናዩ ያችን የተሳበች ትንፋሽ ከሥር ቢያስገባት ሰውዬው ወዲያው የሰፈር ሰው ይሆናል። በትርጉም ጽሑፉ ላይ አትጻፍም፣ ተርጓሚ አይተረጉማትም። ድምፅ ተዋናዩ ከራሱ የሚያዋጣት ነች፤ እንደኔ ቢሆን ከዚህ በላይ በዛ ብትል እወድ ነበር።

እንከኑም መነገር አለበት። ይህ ሥራ በየቀኑ የሚተላለፍ ነው፤ ችኮላው ይታወቃል። በተለይ ሰው ሲደነግጥ የሚወጣው አማርኛ ከመጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል። «አምላኬ ሆይ!» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ሸዋ ሮቢት ላይ አላየሁም። እዚህ የሚሰማው «ወይኔ!»፣ «በስመ አብ!»፣ «ያ ረቢ!» ነው። የሚገርመው ቱርኩ ራሱ «አላህ አላህ!» እያለ፣ «ኢንሻላህ» እና «ማሻላህ» እያለ ነው የሚናገረው። ይፋት እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖርበት አገር ስለሆነ ሰዉ እነዚህን ቃላት በጆሮ ብቻ ሳይሆን በከንፈርም ያውቃቸዋል። አማርኛው ሌላ ነገር ሲል አንድ የአርጎባ ሰውዬ ከንፈሩን አይቶ «ኢንሻላህ ነው እኮ ያለው» ብሎ ቢያርም አይገርምም። ቃሉን እንዳለ መተው የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከንፈሩም ይገጥማል፣ ሰውም ይረዳዋል።

የድምፆቹ ቁጥር ማነስም ይሰማል። ዛሬ ዳኛ ሆኖ የሚፈርደው ሰው ትናንት በሌላ ተከታታይ ፊልም ሌባ ነበር። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ የተከለ ሰው ይህን አይለይም፤ በጆሮ የሚከታተል ግን ወዲያው ይነቃል። «ይሄ ሌባ ደግሞ መቼ ዳኛ ሆነ?»

ሌላው የክፍሎቹ አቆራረጥ ነው። በቱርክ አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ወደ ውጭ ሲላክ በአጫጭሩ ይቆራረጣል። ስለዚህ እኛ ዘንድ «ይቀጥላል» የሚባልበት ቦታ ብዙ ጊዜ ደራሲው ያሰበው ልብ አንጠልጣይ ቅጽበት አይደለም። ሰውዬው ደረጃ እየወጣ ሳለ ያልቃል። ነገሩ ከተርጓሚው እጅ ውጪ ነው፤ ተመልካቹ ግን ለእሱም ሰበብ አያጣለትም፣ «ደረጃው ላይ የሆነ ነገር አለ» ይላል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ቆራጭ መብራት ኃይል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ፍጥጫው በደራበት፣ ወጣቱ ሽማግሌውን አፋጦ «አባቴን አንተ...» እንዳለ መብራት ሄደ። ስም አለ፣ ተውላጠ ስም አለ፣ ግሥ የለም። ቡና ቤቱ ግሡን ማዋጣት ጀመረ። «ገደልከው!» አለ አንዱ፤ ብዙኃኑ ደገፉት። «ሸጥከው!» አለ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ የሚመስል ሹፌር፤ የንግድ ሽርክና ነበራቸው ብሎ ማስረጃ አቀረበ። ባለቤቲቱ ከጓዳ «ደበቅከው ነው የሚለው፤ አባትየው አልሞተም» አሉ። ክርክሩ ሁለተኛው ቡና እስኪወርድ ቆየ፣ ውርርድም ተያዘ። ሹፌሩ መብራት ሳይመጣ ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ኮምቦልቻ ነዳ፤ የራሱን ግሥ እንደያዘ ሄደ። በማግስቱ ሲደገም ወጣቱ ያለው «አባቴን አንተ አታውቀውም» ነበር፤ የውርርዱን ገንዘብ ማንም አልበላም።